ጅረት ዳር ለማደር የቱ ይሻላል? ግሪን ሪጅና ጎረቤቶቹ

ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ተነስታችሁ በ270 አውራ ጎዳና ፍሬድሪክ፣ ከዚያ በ70 ሃንኮክ ትደርሳላችሁ። ከሃንኮክ በ68 ጥቂት እንደሄዳችሁ ተራራው ለሁለት ተሰንጥቆ ይጠብቃችኋል። ሳይድሊንግ ሂል ነው። አውራ ጎዳናው እንዲያልፍ 340 ጫማ ያህል ቁልቁል ተቆርጧል። የድንጋዩ ንብርብር መሃል ላይ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ሰርጎ ይታያል። ትንሿ ልጄ እዚያ በደረስን ቁጥር «አባዬ፣ ኬክ!» ትላለች። ለእኔ ቅዳሜና እሁድ የሚጀምረው እዚያ ነው። ከዚያ ወዲያ የስልክ ኔትወርክ መቆራረጥ ይጀምራል፣ ጫካውም ይጠቀጠቃል።

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣም ሆነ ማኅበር ላይ ስንገናኝ የሚያውቁኝ ሰዎች «ልጆቹን ካምፕ ልወስዳቸው አስቤ ነበር፤ የት ይሻላል?» ይሉኛል። እኔም መልሼ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ከማን ጋር ነው የምትሄዱት? ርቀቱም፣ ዋጋውም፣ የድንኳኑ ዓይነትም ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ከእናቱ ጋር የሚሄድ ሰው ሌሊት ሽንት ቤት ቅርብ እንዲሆንለት ይፈልጋል። ሁለት ወንደላጤ ጓደኛሞች ግን ያ አያስጨንቃቸውም።

ለእኛ ለዲሲ አካባቢ ሰዎች ውሃ ዳር ለማደር የምመክራቸው አራት ቦታዎች አሉ። ግሪን ሪጅ የስቴት ደን፣ ደኑ ጫፍ ላይ ያለው የፊፍቲን ማይል ክሪክ ካምፕ፣ ራቅ ብሎ ቢግ ረን፣ እና ሮኪ ጋፕ። አራቱም ጋ አድሬአለሁ። እኩል ግን አልወዳቸውም፤ ይህን ከመጀመሪያው ልናገር።

ግሪን ሪጅ

ልቤ ያለው እዚህ ነው። አሌጌኒ ካውንቲ ምሥራቃዊ ክፍል ውስጥ ያለ፣ ከ46,000 ኤከር በላይ የሆነ ደን ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ሳይቆራረጥ ተያይዞ የሚገኝ ትልቁ የሕዝብ ደን እሱ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ቢሮው ከ68 በመውጫ 64 ወጥታችሁ አጠገቡ ታገኙታላችሁ።

የማደሪያ ቦታዎቹ 100 ያህል ናቸው። ቁጥሩን ስትሰሙ ግር እንዳይላችሁ። በአንድ ሜዳ ላይ የተደረደሩ አይደሉም። በሰፊው ደን ውስጥ ተበታትነዋል። አንዱ ከሌላው አይታይም፣ ብዙ ጊዜ አይሰማምም። እያንዳንዱ ቦታ አንድ የእንጨት ጠረጴዛ ከነመቀመጫው እና አንድ የእሳት ማንደጃ አለው። ሌላ ነገር የለውም። ቧንቧ የለም። መብራት የለም። ሻወር የለም። ሽንት ቤትም የለም፤ አካፋ ይዛችሁ ነው የምትሄዱት። ዋጋውም ይህንኑ ያህል ነው፤ ለአንድ ሌሊት 10 ዶላር አካባቢ፣ ከአራቱ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ።

ይህን ስሰማ መጀመሪያ እኔም አመንትቼ ነበር። «ለዚህ ነው እንዴ አሜሪካ የመጣነው?» ያለኝ ዘመድ አለኝ። ግን አስቡት። አፓርታማ ውስጥ ለሚኖር ሰው፣ ከላይ የጎረቤት እግር፣ ከታች የጎረቤት ቴሌቪዥን ለሚሰማ ሰው፣ ከውሃ ድምፅ በቀር ምንም የማይሰማበት አንድ ሌሊት ትልቅ ነገር ነው። የቧንቧ አለመኖር ብዙ ሰው እዚህ እንዳይመጣ ያደርጋል። ጸጥታው የሚገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እዚያው ግሪን ሪጅ ውስጥ ደግሞ ሌላ ምርጫ አለ፦ ጅረት ዳር ወይስ ተራራው አናት ላይ?

ፊፍቲን ማይል ክሪክ ደኑን አቋርጦ ወደ ፖቶማክ ይወርዳል። ጅረቱ ዳር የሚገኙት ቦታዎች ጥላ አላቸው። ልጅ ካላችሁ እነሱን ምረጡ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውሃው ብዙ ቦታ ቁርጭምጭሚት ቢደርስ ነው። ልጆቼ ጠፍጣፋ ድንጋይ ቀስ ብለው ያነሳሉ። ውሃው ለአፍታ ይደፈርስና ሲጠራ ክሬይፊሽ (ሸርጣን የሚመስል ትንሽ የውሃ ፍጥረት) ኋሊት ሲፈተለክ ይታያል። እጃቸውን ይሰዳሉ፣ ያመልጣቸዋል፣ ሌላ ድንጋይ ያነሳሉ። እንዲህ እያሉ አራት ሰዓት ሙሉ ታብሌት ያልጠየቁበትን ቀን አይቻለሁ። እናቴ ደግሞ ዳር ላይ ወንበሯን ዘርግታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ቡናዋን ትለቅማለች። ያን ቀን «አንተ ልጅ፣ ይኼን ሁሉ ዓመት ይኼን ቦታ የት ደብቀኸው ነው?» አለችኝ።

የጅረት ዳር ጉዳቱ ሌሊት ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ከተራራው እየተንሸራተተ ሸለቆው ውስጥ ይተኛል። ጠዋት ስትነሱ ጉም ውሃው ላይ ተዘርግቶ፣ ድንኳኑ በጤዛ ተነክሮ ታገኙታላችሁ። መስከረም መጨረሻ ላይ የመጀመሪያ ጊዜ ያደርን ዕለት ውሃው አፍ ላይ፣ ረባዳው ቦታ ነበር የተከልነው። ለዓይን በጣም ያምር ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የልጄ ስሊፒንግ ባግ በጤዛ ርሶ፣ ጥርሷ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ። መኪና ውስጥ አስገብተናት ሞተር አስነስተን አሞቅናት። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ከውሃው ሃምሳ እርምጃ ያህል ራቅ ብዬ፣ ሁለት ሜትርም ቢሆን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው የምተክለው። ድምፁ እንደሆነ እዚያም ይሰማል። ዝናብ ከዘነበ ደግሞ ጅረት በአንድ ሌሊት የሚሞላ ነገር ስለሆነ፣ ከፍታው የደኅንነት ጉዳይም ነው።

አናቱ ላይ ያሉት ቦታዎች ነፋስ አላቸው። ትንኝም ጤዛም ይቀንሳል። የደኑ ከፍተኛው ቦታ ታውን ሂል ነው፤ 2,039 ጫማ። ከአናቱ ቁልቁል የፖቶማክን ጥምዝምዝ የሚያሳዩ ቦታዎች አሉ። ለጥንዶችና ፎቶ ለሚወድ ሰው ይህ ይሻላል። ልጅ ላለው ሰው ግን ገደል አጠገብ ማደር እረፍት አይሰጥም። ውሃም የለም፤ ልጆቹ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሰለቸን ይላሉ።

ስለ ዝናብ ካነሳን፣ ግሪን ሪጅ ከሜሪላንድ ሁሉ ዝናብ የሚያንሰው አካባቢ ነው። በዓመት በአማካይ 36 ኢንች። ከምዕራብ የሚመጣውን ደመና የአሌጌኒ ተራሮች ቀድመው ስለሚያራግፉት ነው። አዲስ አበባ እንኳን ከዚያ የበለጠ ታገኛለች። ስለዚህ ቅዳሜና እሁዱ የተበላሸ ትንበያ ካለው እና መሄዳችሁ ግድ ከሆነ፣ ከአራቱ ግሪን ሪጅን ምረጡ።

መንገዱ ፒስታ ነው። ዋና ዋናዎቹ ለዝቅተኛ መኪናም ይሆናሉ። ውስጥ ውስጡን የሚገቡት ግን ጎድጓዳና ድንጋይ አላቸው። ኮሮላ ወይም ፕሪየስ ያላችሁ ቢሮው ላይ «ለዝቅተኛ መኪና የሚሆነው የትኛው ቦታ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የወረቀት ካርታም ውሰዱ። ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታ ኔትወርክ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጫካ ውስጥ ስትዞሩ ብቻውን የቆመ፣ የጎበጠ፣ ማንም የማይንከባከበው የፖም ዛፍ ካጋጠማችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ መርተንስ የሚባል ቤተሰብ ይህን ሁሉ ተራራ «በዓለማት ሁሉ ትልቁ የፖም እርሻ» ብሎ ማስታወቂያ አስነግሮበት ነበር። መሬቱን አሥር አሥር ኤከር እየሸነሸነ ለከተማ ሰው ሸጠ። ጫካው ተመነጠረ፣ ተቃጠለ፣ ፖም ተተከለበት። ኩባንያው በ1918 ከሰረ። ስቴቱ መሬቱን መግዛት የጀመረው በ1930ዎቹ መግቢያ ላይ ነው። አሁን የምናየው ኦክና ጥድ ከዚያ በኋላ የበቀለ ነው። ያን ያህል የተራቆተ ተራራ በመቶ ዓመት ውስጥ እንዲህ መልሶ ሲለብስ ማየት፣ የሀገራችንን ራቁት ተራሮች ለሚያውቅ ሰው ልብ ይነካል። እኔ ይህን ለልጆቼ ሁሌም እነግራቸዋለሁ።

ፊፍቲን ማይል ክሪክ፣ ሊትል ኦርሊንስ

ያው ጅረት ወደ ፖቶማክ በሚገባበት አፍ ላይ ያለች ትንሽ ካምፕ ናት። ዙሪያዋ የስቴቱ ደን ነው። ካምፗ ግን የፌዴራሉ ናት፤ የሲ ኤንድ ኦ ቦይ (ድሮ የጭነት ጀልባ ይሄድበት የነበረ ሰው ሠራሽ የውሃ መንገድ) ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ አካል ናት። ስለዚህ ቦታ የሚያዘው በግሪን ሪጅ ቢሮ ሳይሆን በፌዴራሉ የኦንላይን መያዣ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። አንዱ ጋ ከፍሎ ሌላው ጋ ድንኳን የተከለ ሰው አውቃለሁ።

ቦታዎቹ አሥር ግድም ቢሆኑ ነው። ጠረጴዛ፣ የእሳት ቦታ፣ ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤት አለ። መኪናችሁን ድንኳናችሁ አጠገብ ታቆማላችሁ። ሻወርና መብራት የለም። እዚህ ጎረቤት አላችሁ። ቅዳሜ ማታ የሌላው ሰው ጊታር ይሰማል፣ የእናንተም ሳቅ ለሌላው ይሰማል።

የመጀመሪያ ጊዜያችሁ ከሆነ እዚህ ጀምሩ። በተለይ ጫካ የሚያስፈራው ሰው ካለ። ሌሊት ነቅታችሁ የሌላ ሰው ድንኳን ውስጥ ባትሪ ሲበራ ማየት ልብን ያረጋጋል። አንድ ሁለት ጊዜ እዚህ ካደራችሁ በኋላ ደኑ ውስጥ ለመግባት አትፈሩም።

ብስክሌት ካላችሁ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። በድሮው ቦይ ዳር፣ ጀልባ ጎታች በቅሎዎች ይሄዱበት የነበረው መንገድ በካምፗ አጠገብ ያልፋል። ከጆርጅታውን እስከ ካምበርላንድ 184.5 ማይል ነው፣ ሜዳ በሜዳ። ካምፗ ያለችው 140.9ኛው ማይል ላይ ነው። ቦይው ጅረቱን በድንጋይ ቅስት ድልድይ ላይ ነበር የሚሻገረው። ማለት ያኔ ውሃ በድልድይ ላይ፣ ውሃ በድልድይ ሥር ነበር። ልጆች ይህንን ካዩ በኋላ ጥያቄያቸው አያልቅም። ወደ ላይ 14 ማይል ያህል ከነዳችሁ የፓው ፓው ዋሻ ይገኛል። 3,118 ጫማ ርዝመት ያለው፣ ከ6 ሚሊዮን በላይ ጡብ የተደረደረበት ዋሻ ነው። በ1836 ተጀምሮ በ1850 ነው የተከፈተው። ባትሪ ያዙ፤ ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ለብስክሌት ሩቅ ከሆነባችሁ በመኪና ሂዱና በእግር ግቡ።

ችግሯ ሁለት ነው። አንደኛው ባቡር ነው። ከወንዙ ማዶ፣ ዌስት ቨርጂኒያ በኩል የጭነት ባቡር ሐዲድ አለ። ሌሊት ያልፋል፣ ድምፁም ሸለቆውን ይሞላዋል። እኔ ለምጄዋለሁ፤ ባለቤቴ እስካሁን አልለመደችውም። እንቅልፉ ቀላል የሆነ ሰው የጆሮ መድፈኛ ይያዝ። ሁለተኛው ፖቶማክ ነው። ከላይ ሲታይ የተኛ ይመስላል፣ ከሥሩ ግን ይጎትታል። ልጆች ጅረቱ ውስጥ ይጫወቱ፤ ወንዙ ውስጥ አታስገቧቸው። ጎርፉም ቀልድ አያውቅም። ቦይው ሥራ ያቆመው በ1924 ጎርፍ ነው። በ1996 ደግሞ በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ተጠራርጓል። ከባድ ዝናብ ከተተነበየ ይህችን ካምፕ ተዉዋት፣ ሌላ ሳምንት አለ።

ቢግ ረን

ሦስት ሰዓት ግድም ይርቃል። ጋሬት ካውንቲ ውስጥ፣ በሳቬጅ ሪቨር የስቴት ደን የተከበበች ትንሽ ፓርክ ናት። 30 ያህል የማደሪያ ቦታዎች አሏት፤ ብዙዎቹ ጅረቱን ተከትለው የተደረደሩ ናቸው። ጥቂት ዝቅ ስትሉ ጅረቱ የሳቬጅ ሪቨርን ግድብ ሐይቅ ይቀላቀላል። ከቤንዚን ሞተር ነፃ የሆነ ሐይቅ ነው፤ ካያክ ወይም ታንኳ ካላችሁ ጸጥ ያለ ውሃ ታገኛላችሁ።

ዓሣ አጥማጅ ከሆናችሁ ግን ሌላውን ሁሉ ተዉና ወደዚህ ኑ። በዚህ ተፋሰስ ያሉት ጅረቶች ቀዝቃዛና ንጹሕ ስለሆኑ ብሩክ ትራውት የሚባለው የአገሬው ዓሣ እስካሁን ይኖርባቸዋል። ሜሪላንድ ውስጥ ትልቁ መሸሸጊያው ይህ ነው። ዕድሜው 16 የሞላ ሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሕጉ ከጅረት ጅረት ስለሚለያይ ፈቃዱን ስትገዙ የምትሄዱበትን ጅረት ስም ጠርታችሁ ጠይቁ።

ከግሪን ሪጅ ይልቅ ከፍታ ላይ ስለሆነ ይቀዘቅዛል። ነሐሴ ላይ ዲሲ ስትጋገር እዚህ ማታ ሹራብ ትለብሳላችሁ። ለሁለት ሌሊት ካልሆነ ግን ለአንድ ሌሊት ሦስት ሰዓት ሄዶ ሦስት ሰዓት መመለስ አያዋጣም።

ሮኪ ጋፕ

ይህ ጅረት ዳር አይደለም፣ ሐይቅ ዳር ነው። ግን ንጽጽሩ ውስጥ ሊገባ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ለብዙ ቤተሰብ ትክክለኛው መልስ እሱ ነው። ከ68 በመውጫ 50 ነው የሚገባው። ሐይቁ 243 ኤከር ነው። መዋኛ የአሸዋ ዳርቻ፣ ሙቅ ሻወር፣ ንጹሕ ሽንት ቤት፣ ኤሌክትሪክ ያላቸው ቦታዎች፣ ትንንሽ የእንጨት ጎጆዎችም አሉት። የማደሪያ ቦታው ከ270 በላይ ነው።

ጨቅላ ሕፃን ያላችሁ፣ የስኳር መድኃኒት በበረዶ የምታስቀምጡ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት አባት ይዛችሁ የምትሄዱ፣ እዚህ ሂዱ። ሦስት አራት ቤተሰብ ሆናችሁ የምትሰባሰቡም እንዲሁ። አጠገብ ለአጠገብ ቦታ መያዝ ይቻላል፣ ልጆቹም በብስክሌት ይዞራሉ። ግን ቀድማችሁ ያዙ። የሐምሌ ቅዳሜን ሰኔ ላይ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። እኔ የምይዘው ክረምቱ ሳይወጣ፣ ጥር ላይ ነው። ጸጥታ ግን አትጠብቁ። መኪናው፣ የሕፃን ልቅሶው፣ የጎረቤት ሬዲዮው አብሮ ነው።

ውሃ፣ እሳት፣ ምግብ

ለግሪን ሪጅ ከወሰናችሁ ነገሩ ሁሉ በውሃ ይጀምራል። ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጋሎን ይባላል። እሱ ግን ለመጠጥና ለመጠነኛ ምግብ ነው። የኛ አበሳሰል ከዚያ ይበልጣል። ሽሮ ውሃ ይፈልጋል፣ የሽሮ ድስት ማጠብ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ይፈልጋል። ቡና ሦስት ጊዜ ይፈላል፣ ስኒው ይታጠባል። አንድ ጊዜ አምስት ሰው ሆነን ስድስት ጋሎን ብቻ ይዘን ሄድን። እሁድ ጠዋት ለልጆቹ የሚጠጣ ብቻ ቀረን፤ ባለቤቴ ድስቱን ሳታጥብ ፌስታል ውስጥ ጠቅልላ ጫነችው። የጠዋቱን ቡና ሳንጠጣ ሃንኮክ ድረስ ነዳን። አሁን ለአንድ ሰው በቀን ሁለት ጋሎን እቆጥራለሁ። ተርፎም አይበዛም።

ጅረቱ ጥርት ብሎ ቢታይም ሳይፈላ አይጠጣም። ለዓይን የማይታይ የሆድ በሽታ ጥገኛ ይኖርበታል። ቦግ ብሎ ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ ይቆይ፤ በእነዚህ ተራሮች ከፍታ ይበቃል። ዕቃ ማጠብም ሆነ ሰውነት መታጠብ ጅረቱ ውስጥ አይሆንም። ውሃውን በባልዲ ቀድታችሁ ከጅረቱ 200 ጫማ፣ ማለትም ሰባ እርምጃ ያህል ራቁ። ሳሙና ለትንንሾቹ ፍጥረቶች መርዝ ነው። ልጆቼ ድንጋይ ሥር የሚፈልጉት ክሬይፊሽ እኮ እዚያ ያለው ውሃው ንጹሕ ስለሆነ ነው። ለሽንት ቤትም ያው ርቀት ነው፤ ከ6 እስከ 8 ኢንች የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ መልሶ መድፈን።

ማገዶ ከቤት አትጫኑ። ይህን ጠበቅ አድርጌ እናገራለሁ። የአሽ ዛፍን የሚገድለው አረንጓዴ ጥንዚዛ ሜሪላንድ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘው በ2003 ነው። ከዚያ ወዲህ የአሽ ዛፎች በየቦታው አልቀዋል። ከቦታ ቦታ የሚጓዘው በዋናነት በማገዶ ውስጥ ተደብቆ ነው። እዚያው አካባቢ ግዙ።

ምግብ ላይ ከብዙ ካምፐኞች እኛ እንሻላለን። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፤ አንዱም በረዶ አይፈልግም። ፍልሰታ ላይ ከሄዳችሁ ኩለር ራሱ አያስፈልጋችሁም። ሽሮ፣ ተልባ፣ ሱፍ፣ እንጀራው ብቻ ሙቀት እንዳይነካው መጠንቀቅ ነው። እንጀራ በነሐሴ ሙቀት መኪና ውስጥ ከዋለ በማግስቱ ይሻግታል። ጥላ ሥር፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ጥቅምት ላይ ከሆነ ደግሞ «በጥቅምት አንድ አጥንት» ነውና ጥብሱ በእንጨት እሳት ላይ ይሁን። የእንጨት ጭስ የነካው ጥብስ ቤት ውስጥ ከሚሠራው ጋር አይገናኝም።

ቡናውን እዚያው ቁሉት። ጀበናዋን ግን ነበልባል ላይ አትጣዱ፤ ትሰነጠቃለች። እንጨቱ ነዶ ፍም እስኪሆን ጠብቁ። ፍሙን በእንጨት ወደ ዳር ስቡት፣ ጀበናዋን ጠርዙ ላይ አስቀምጡ። ቀስ ብላ ትፈላለች። እኔ ለፈጣን ነገር ትንሽ ቡታጋዝ እይዛለሁ፤ ጀበናው ግን የፍም ነው።

ድብ አለ ወይ? አለ። ምዕራብ ሜሪላንድ ውስጥ ጥቁር ድብ ይራባል። ከሰው ይሸሻል፤ ሽታ ግን ይስበዋል። ቅቤ፣ በርበሬ፣ የጥብስ ድስት፣ የጥርስ ሳሙና ሳይቀር ማታ መኪና ውስጥ ይቆለፍ። ድንኳን ውስጥ ብስኩት እንኳን አይግባ። ልጆች ኪስ ውስጥ ከረሜላ ይደብቃሉ፤ ሳይተኙ ፈትሹ።

ከድብ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ መዥገር ነው። ላይም የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፈው የፓፒ ፍሬ የምታህል ትንሽ ናት። ከግንቦት እስከ ሐምሌ ትበዛለች። ረዥም ሱሪ አድርጉ፣ ሱሪውን ካልሲ ውስጥ ክተቱ። ማታ ማታ ልጆቹን ከጉልበት ጀርባ፣ ከብብት፣ ከጆሮ ኋላ፣ ከጸጉር ሥር ፈትሹ። ከተገኘች በወረንጦ ቆዳው ጋ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ቅቤ መቀባት፣ በክብሪት መለብለብ የለም። እባብም አለ፤ ኮፐርሄድና ራትልስኔክ ሁለቱም መርዛም ናቸው። ማገዶ ስታነሱ መጀመሪያ በእግራችሁ ወይም በእንጨት ገልብጡት፣ ከዚያ በእጅ።

መቼ?

ለእኔ መስከረም ነው። ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ባለው ጊዜ ሙቀቱ ይለዝባል፣ ትንኙ ይቀንሳል፣ ትምህርት ስለተከፈተ ካምፑ ይለቃል። ልጆቼ ደመራ ያዩት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ቢሆንም፣ «ኢዮሃ አበባዬ» እያሉ እሳት ዙሪያ መዞር የለመዱት ግሪን ሪጅ ነው። ጥቅምት አጋማሽና ከዚያ በኋላ ቅጠሉ ወርቅና ቀይ ይሆናል። ሌሊቱ ግን ወደ በረዶ ነጥብ ይወርዳል፤ ስሊፒንግ ባጉ ለዚያ የሚሆን መሆኑን መለያው ላይ አንብቡ። ከሥራችሁም ፍራሽ ወይም ወፍራም ምንጣፍ አንጥፉ። ብርዱ የሚገባው ከላይ ብቻ ሳይሆን ከመሬትም ነው።

ግንቦት ላይ ጅረቱ ሙሉ ነው፣ ደኑም ለምለም፤ መዥገሩም እንዲሁ። ከታንክስጊቪንግ በኋላ ባለው ቅዳሜ የአጋዘን አደን በጠመንጃ ይጀምራል፣ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ግሪን ሪጅ አደን የተፈቀደበት ደን ነው። በእነዚያ ሳምንታት ልጅ ይዤ አልሄድም። በሌላውም የአደን ወቅት ብርቱካናማ ኮፍያ ለሁሉም አደርጋለሁ።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ሕፃን ወይም አዛውንት አብሯችሁ ካለ ሮኪ ጋፕ። እናቴን ግሪን ሪጅ የወሰድኳት ከሮኪ ጋፕ ሁለት ዙር በኋላ ነው፤ ያውም ተጣጣፊ የካምፕ ሽንት ቤት ገዝቼ። ጫካ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያድር ወይም ብስክሌት የሚወድ ካለ ፊፍቲን ማይል ክሪክ። ዓሣ ወይም ታንኳ ከሆነ፣ ሁለት ሌሊትም ካላችሁ ቢግ ረን። አንድ ሁለት ጊዜ አድራችሁ የለመዳችሁ፣ የራሳችሁን ውሃ የምትጭኑ፣ ዝም ያለ ቦታ የናፈቃችሁ ከሆነ ግሪን ሪጅ፣ ጅረቱ ዳር፣ ከፍ ያለው ቦታ ላይ።

ዓርብ ከሥራ በኋላ ለመሄድ ካሰባችሁ በ270 ላይ ያለውን ጭንቅንቅ አስቡበት። እኔ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጥቼ ድንኳን በባትሪ መትከል ትቻለሁ። ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እንነሳለን፣ ሃንኮክ ላይ በረዶና ማገዶ እንገዛለን፣ ከሦስት ሰዓት በፊት ጅረቱ ጋ ነን። በዚያ ሰዓት ጉሙ ገና ከውሃው አልተነሳም።